ይሉኝታን በር ላይ የሚያስወልቁት መምህር

ልጆቹ ጻፊልን ብለውኝ ነው። ልጆች እላቸዋለሁ እንጂ ዛሬ የአንዳንዶቹ ጸጉር መሳሳት ጀምሯል። ጋሽ ሳህሉን የቀበርን ዕለት፣ ከመቃብር መልስ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ንፍሮ እየቀማመስን ሳለ ናቲ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ድሮ አንድ ቦታ የማይረጋ ልጅ ነበር። አሁን ክራባት አስሮ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።

«እማማ ደስታ፣ እዛ ክላስ ውስጥ ከጋሽ ሳህሉ ሌላ ትልቅ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለኝ። «እኛ የምናስታውሰው ሲቆጣን ነው። አንቺ ጻፊው።»

«እኔ የት ተምሬ ነው የምጽፈው? ፊደል የለየሁት ከወለድኩ በኋላ ነው። ተማሪ ሆኜ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም።»

«ከኛ ክላስ በቀር» አለ።

ይኸው ጻፍኩ። ወሬዬ ወዲህ ወዲያ ቢል ታገሱኝ፤ የማውቀው እንዲህ ማውራት ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር። ልጄ አልማዝ በፈረቃ አረጋውያን ትጦራለች፣ እኔ ልጇን ሕሊናን እይዛለሁ። ሕሊና እቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም። ከመስኮት ሆና የባሶቹን ቁጥር በሆዷ ትደምርና ማታ እኔ ጫማዬን ሳወልቅ ትዘረግፍልኛለች። ኮሪደር ላይ የጎረቤት ድምፅ የሰማች እንደሆነ ግን ዝም ነው። ከበር ወዲያ ቃል የላትም። ትምህርት ቤት ገብታ አንዲት ቃል ሳትናገር ዓመት አለፈ። ሲጠሯት ታያቸዋለች እንጂ አትመልስም። አስተማሪዎቹ መጀመሪያ ቋንቋ ነው አሉ፤ ቀጥለው ጆሮዋ ነው አሉ፤ በመጨረሻ አእምሮዋ ነው አሉ። ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ትምህርት ለማይገባቸው ልጆች የተለየ ክፍል አለ፣ እዛ ትሂድ አሉ።

አልማዝ ይሄን የሰማች ዕለት ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ቀረች። በማግስቱ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አወጣቻት። እዚህ አገር ልጅን ቤት ማስተማር ይፈቀዳል፤ ሆምስኩል ይሉታል። መፈቀዱ ጥሩ ነው፣ ግን ማን ያስተምራት? እሷ ሥራ ላይ ነች። እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ነኝ። ቴሌቪዥን አብረን ስናይ ታስተምረኝ የነበረችው ሕሊና ናት።

ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ናት ስለ ጋሽ ሳህሉ የነገረችን። ቤት ለሚማሩና ትምህርት ቤት ለሰለቻቸው ልጆች ከበድ ያለ ሒሳብ ያስተምራሉ፣ ግን ሰውዬው ጠባያቸው አስቸጋሪ ነው አለች። አልማዝ ስልክ ደውላ፣ ልጅቷ ሰው ስለምትፈራ የሚሠራውን ኮፒ አድርገው ቢሰጡን እቤት ትሠራዋለች ብላ ለመነቻቸው።

«ፊቷን ሳላይ ምን አስተምራታለሁ?» አሏት። «ይዛችኋት ኑ።»

ክፍሉ ዳንፎርዝ ላይ ከአንድ ላውንደሪ ቤት በላይ ነበር። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ከታች የልብስ እንፋሎት ይመጣል፣ ክረምት ላይ የማሞቂያው ቧንቧ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ያንኳኳል። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ንጣፍ ነበር፤ እንደ ዳማ ገበታ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ። ይህን ወለል አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የምንሄደው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ እዛ በር ላይ የሚደረደረውን ቡትስ ያየ ሰው ለቅሶ ቤት ይመስለዋል።

ጋሽ ሳህሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ኪስ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ነጭ ያለበት ሰው ነበሩ። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ ግን አንተ ብያቸው አላውቅም፣ ጋሽ ያልኳቸውም ልጆቹ ሲሉ ሰምቼ ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ነበራቸው፣ ስለሱ አያወሩም። «ትክክል ነው» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው የሰማ ተማሪ የለም። አንድ ልጅ መልስ ሲናገር «መልሱን ላንተ ያዘው፣ ለኔ ምክንያቱን ስጠኝ» ይላሉ። ምክንያቱ የሚያጠግብ ሲሆን ዞረው መስኮቱን ያያሉ። ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ ያን ጀርባ ለማየት ነበር የሚታገሉት።

የመጀመሪያ ቀን ሕሊናን አስቀምጬ ኋላ ወንበር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ።

«ልጅቷን እጠብቃለሁ።»

«ሒሳብ ያውቃሉ?»

«የገበያውን ያህል።»

«ጥሩ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አለዎት።»

ከዚያ ለልጆቹ ዞረው፣ ከእንግዲህ ማንም ያገኘውን ነገር ለእማማ ደስታ ያስረዳል፣ በአማርኛ ያልሆነለት በእጁ ያሳያል፣ እማማ ገባኝ ካሉ አለፈ፣ ካላሉ አላለፈም አሉ። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔም ላብ በላብ ሆንኩ።

ናቲ ነበር የመጀመሪያው። ሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር አደረገው። «እማማ፣ ይሄ ላይን ከዛኛው ላይን ጋር ሴም ነው፣ ሶ ይሄኛውም ሴም ነው፣ ገባሽ?» አለኝ። እንዲህ ደክሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ እያየኝ አልገባኝም እለዋለሁ እንዴ? የሰው ልጅ ነው። «ገባኝ የኔ ጌታ፣ ተባረክ» አልኩት።

ጋሽ ሳህሉ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ምን ገባዎት?»

አየኋቸው። ናቲን አየሁት። ቧንቧው ያንኳኳል።

«እማማ ደስታ፣ ልጁን እኮ ሰደቡት» አሉኝ።

«እኔ? መርቄው?»

«ሳይገባዎት ገባኝ ሲሉት፣ ከደጅ መልሰው ሸኙት ማለት ነው። ቤት ገብቶ የሚበላ መስሎት ነበር የመጣው። እዚህ በር ላይ ጫማ ይወልቃል አይደለም? ይሉኝታዎንም አብረው ያውልቁ። ሲወጡ ያደርጉታል፣ ማንም አይወስድብዎትም።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ባስ ውስጥ ፊቴ እንደጋለ ነው የተመለስኩት። ሰው ደክሞ ሲያስረዳ አልገባኝም ማለት እኛ ዘንድ ነውር አይደለም እንዴ? ሐኪም ሲነግረኝ ገባኝ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ቄስ ሲነግሩኝ እነቀንቃለሁ፣ ፈረንጅ ሲነግረኝማ ከመጨረሱ በፊት ነው የምነቀንቀው። እንደ እኔ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ነው እዚህ አገር የሚኖረው። እኚህ ሰው ደግሞ አንገቴን ያዙት።

ለመድኩት ግን። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ በሙሉ ድምፅ «አልገባኝም» ማለት ለመድኩ። ናቲ አንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ግንባሩን ደግፎ «እማማ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ገባኝ በዪ» አለኝ፣ ሊያለቅስ ደርሶ። «አልልም» አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ በብርቱካን ልጣጭ ሲያስረዳኝ እውነትም ገባኝ፤ ስነግረው ዘሎ አቀፈኝ። ጋሽ ሳህሉ መስኮቱን እያዩ ነበር።

ሕሊና ግን አንድም ቀን አልተናገረችም። ተራዋ ሲደርስ ትነሳለች፣ ሰሌዳው ጋ ትቆማለች። ጋሽ ሳህሉ አይጎተጉቷትም፣ አያባብሏትም። ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ክፍሉ ሁሉ ይጠብቃል።  ከዚያ «ለሚቀጥለው» ይሏታል፣ እንደ ማንኛውም ልጅ፣ ትመለሳለች። ያቺን ጥበቃ አልወደድኳትም ነበር። አልማዝ ስነግራት «ሰውዬው ልብ የለውም» አለች።

በዚያ ክረምት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስልክ መጣ። ልጅቷ እቤት በእርግጥ መማሯን የሚያይ ሰው ይላካል፤ ካላረካው ወደዚያ ወደተለየው ክፍል ትገባለች። አልማዝ ደንግጣ፣ አስተማሪ አላት፣ ሐሙስ ሐሙስ ትማራለች አለች። እንግዲያው እዚያው መጥተን እናያለን አሏት።

ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ አልማዝ ከሥራ ቀርታ አብራን መጣች። ልጆቹ ሲወጡ ጋሽ ሳህሉን ደረጃው አናት ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ከጽሕፈት ቤቱ የምትላከው ሴትዮ ስትመጣ፣ ሕሊና ክላስ ውስጥ ትናገራለች፣ ዛሬ እንግዳ አይታ አፍራ ነው በሏት። በቃ፣ ይቺን ብቻ።»

«ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔ ሰምቻለሁ። እናቷ ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት።»

«እኔን ማን ያምነኛል? እርስዎን ነው የሚሰሙት።»

«የሚሰሙኝ የሰማሁትን ስለምናገር ነው።»

«ልጄን ሊወስዱብኝ ነው፣ እርስዎ ስለ እውነት ያወራሉ።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። እኔ የሕሊናን እጅ ይዤ ከታች ቆሜያለሁ፤ ልጅቷ እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች።

እሳቸው ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ምን እንደምታውቅ አውቃለሁ፣ እሱን እነግራታለሁ። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም። አልማዝ፣ ይቺ ልጅ እዚህ ክፍል የምትመጣው፣ ሊያስደስታት ብሎ የሚዋሻት ሰው ስለሌለ ነው። ያን አላበላሽባትም።»

አልማዝ ደረጃውን ወረደች። እኔ ዞሬ ሳያቸው አሁንም እዚያው ቆመዋል። ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ትንሽ ውሸት ምን ይጎዳል? 

አሁን ወደ ወለሉ ልመለስ። በዚያ ሰሞን ጋሽ ሳህሉ ልጆቹን አንድ ጥያቄ አንጠልጥለውባቸው ነበር። ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ አራት ማዕዘን አሰመሩ። አንዱ ጥግ ያለውን ንጣፍ በኮፍያቸው፣ ከዚያ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጥግ በቦርሳቸው ሸፈኑት። ከዚያ እያንዳንዱ ልክ ሁለት ጎረቤት ንጣፍ የሚሸፍን የካርቶን ቁራጮች ሰጡና፣ የቀረውን ወለል ክፍት ሳትተዉ፣ ሳትደራርቡ ሸፍኑልኝ አሉ። ልጆቹ ተንበርክከው ለሳምንታት ደረደሩ። እንዴት አድርገው ቢደረድሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ንጣፍ ባዶ ይቀራል።

«አይቻልም» አለ ናቲ። «ሁሉንም ሞክሬዋለሁ።»

«አንተ ስለደከመህ አይቻልም ማለት ነው?» አሉት። «ለምን እንደማይቻል ለእማማ ንገራቸው።» መንገር አልቻለም።

የፈራነው ሐሙስ ደረሰ። እርጥብ በረዶ ነበር፤ በሩ ላይ የተደረደረው ቡትስ ውሃ ያንጠባጥባል። ሴትዮዋ ትሁት ነች፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። አልማዝ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ እጇን በጉልበቷ መሀል ጨምቃ ይዛለች። ጋሽ ሳህሉ ምንም አልቀየሩም። የተለየ ሰላምታ የለ፣ የተለየ ትምህርት የለ። «የወለሉን ነገር ማን ያስረዳል? ሕሊና፣ ያንቺ ተራ ነው» አሉ።

 ሕሊና ተነሳች። ወደ ሰሌዳው አልሄደችም፤ ወደ በሩ ሄደች። ቡትሶቹን በክንዷ ታቅፋ መጣችና ጥንድ ጥንዱን አራት ማዕዘኑ ውስጥ ደረደረች። የግራውን ጥቁር ንጣፍ ላይ፣ የቀኙን ነጩ ላይ፣ የግራውን ጥቁር ላይ፣ የቀኙን ነጩ ላይ። የሴትዮዋንም ቡትስ፣ የጋሽ ሳህሉንም፣ የኔንም። ከዚያ ቀና ብላ ኮፍያውን አየች፤ የተቀመጠው ነጭ ንጣፍ ላይ ነው። ከአንዱ ጥንድ የቀኝ እግሩን አንስታ ኮፍያው ጎን አኖረች። ቦርሳውን አየች፤ እሱም ነጭ ላይ ነው። ከሌላ ጥንድ የቀኝ እግሩን አንስታ እዚያ አኖረች። ከዚያ ጓደኛቸው የተወሰደባቸውን ሁለት የግራ ጫማዎች በጣቷ አሳየችኝና ቆመች።

እኔ ያልተማርኩት ሴትዮ፣ ገባኝ። እንደ መብራት ነው የበራልኝ። ካርቶኑ ምንጊዜም አንድ ጥቁር ከአንድ ነጭ ጋር ነው የሚይዘው፤ የተወሰዱት ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለት ጥቁሮች ቢሞቱም ጓደኛ አያገኙም። የዚያን ሁሉ ሐሙስ ድካም አንድ ጫማ ፈታው።

ሴትዮዋ ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም። ጫማ የምትደረድር ዝምተኛ ልጅ ነው ያየችው። ወደ ጋሽ ሳህሉ ዞራ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀች። እሳቸው አልመለሱላትም፤ እኔን አዩ። ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩ። አልማዝ ነቅንቂ፣ እማዬ ነቅንቂ፣ ይለፍልን የሚል ዓይን አላት። የክፍሉ ሕግ ነው፤ ገባኝ ካልኩ አለፈ፣ ሕሊና ትቀመጣለች። ብትቀመጥ ደግሞ፣ ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳትሰማ ኮቷን ለብሳ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ።

እኚህን ሰው አየኋቸው፤ ስንት ሐሙስ አንገቴን ይዘው እውነት ያስለመዱኝን ሰው። ከዚያ ልጄን አየሁ።

«አልገባኝም» አልኩ።

«እማዬ» አለች አልማዝ በትንፋሽ፤ እንደተወጋ ሰው።

ሕሊና አፈጠጠችብኝ። እንዲህ ግልጽ ሆኖ እንዴት አይገባሽም የሚል ዓይን ነው። እንባዋ ሲሞላ አየሁ፤ ልተወው አልኩ፣ ገባኝ ልበል ብዬ አፌን ልከፍት ነበር። ጋሽ ሳህሉ ከኔ ላይ ዓይናቸውን አነሱና ወደ ሴትዮዋ ዞረው አጭር ነገር በእንግሊዝኛ ነገሯት። ያልኩትን መተርጎማቸው ነው አልኩ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀችና እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች።

ያኔ ሕሊና ወደ ጋሽ ሳህሉ ዞረች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ እና ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ። እንባዋ ገና ሳይደርቅ። ለምን እንደሳቀች አልገባኝም፤ ይሄኛው እውነቴን ነው።

«እማማ» አለች፣ በዚያ የእቤት ድምፅዋ፣ «ሰው በአንድ ጫማ ይሄዳል?»



«አይሄድም» አልኳት።

«ካርቶኑም እንደሱ ነው። አንድ ብላክ፣ አንድ ዋይት ይፈልጋል። ሁሌ። ጋሽ ሳህሉ ደግሞ ሁለት ዋይት ወሰደ። ስለዚህ ሁለት ብላክ ይተርፋል፣ ጓደኛ የለውም። ናቲ መቶ ዓመት ቢደረድር እንኳን አይሆንም።»

«ሄይ» አለ ናቲ። ጋሽ ሳህሉ ሳይዞሩ እጃቸውን ሲያነሱ ዝም አለ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ልጅቷን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት፤ ጣቷ ወደ ኮፍያው ይጠቁማል። ሕሊና በቀጭን ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ መለሰችላት። ሌላ ጠየቀቻት፤ ሌላ መለሰች። አልማዝ በሥራ ልብሷ እጅጌ ፊቷን ሸፍናለች። ጋሽ ሳህሉን ብፈልጋቸው መስኮቱ ጋ ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው የጡብ ግድግዳውን ያያሉ። ያን ቀን እስክንወጣ አልዞሩም።

ሕሊና ወደዚያ ክፍል አልሄደችም። ከበር ወዲያም ቀስ በቀስ ቃል ተገኘላት፤ ባንድ ጊዜ አይደለም፣ ግን ተገኘላት።

እኔ ግን ውሸቴ ከበደኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ቡትሴን ሳስር ጋሽ ሳህሉ ጎንበስ ብለው ዘለበቱን ሊያግዙኝ መጡ። «ጋሽ ሳህሉ፣ ያለፈው ሐሙስ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሌላኛውን እግር ያምጡ» አሉኝ። «ባሱ ያመልጥዎታል።»

ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም። ላውንደሪው ቤት ሲሸጥ ክፍሉም አብሮ ሄደ፤ እሳቸው ዌስተን የሚባል ሰፈር ገቡ፣ እዚያም ያገኙትን ልጅ ሲያስተምሩ ኖሩ። በበዓል ስደውል «አሁንም አልገባኝም ይላሉ?» ብለው ይጠይቁኛል። «ለሐኪሙ ሳይቀር» እላቸዋለሁ። እንደዋሸኋቸው ሳያውቁ ሞቱ ብዬ ነበር ቀብር ላይ ያለቀስኩት።

ይሄን ስጽፍ ያቺ ሳቅ ትዝ አለችኝና ባለፈው እሑድ ሕሊና ከቤተ ክርስቲያን በመኪና ስትመልሰኝ ጠየቅኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የጠየቅኳት።

«ያን ቀን፣ ከመናገርሽ በፊት፣ ምን አስቆሽ ነው?»

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። ዞራ አየችኝ። «ጋሽ ሳህሉ ለሴትዮዋ ምን እንዳላት አታውቂም እንዴ?»

«አልገባኝም ማለቴን ተርጉመውላት ነዋ።»

«ኖ» አለች ሕሊና። «"ገብቷታል፤ እየዋሸች ነው፤ እባክሽ ትንሽ እንጠብቅ" ነው ያላት።»